ሳብ 17 ቦምብ ጣይን በፎም፣ በካርቶንና በኤሌክትሮድ መሥራት

ሳብ 17 ስዊድን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገለልተኛ ሆና ሳለ ለራሷ መከላከያ የሠራችው ባለ አንድ ሞተር ቦምብ ጣይ ነው። መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1940 ሲሆን፣ ከጦርነቱ በኋላ ከ1947 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከ40 በላይ ገዝታ ቢሾፍቱ ላይ አሰማርታዋለች። ለሞዴል ሥራም የተመቸ ነው። ሞተሩ አንድ ስለሆነ አድካሚውን ክፍል አንዴ ብቻ ትሠራላችሁ፤ ከሩቅ የሚያስለየው ደግሞ በሁለቱ ክንፎች ሥር ያለው ትልቅ የእግር (የማረፊያ ጎማ) ሽፋን ነው። ያን በትክክል ያወጣ ሰው ሌላው ትንሽ ቢዛነፍበትም አውሮፕላኑ ሳብ 17 መሆኑ አይጠፋም።

እዚህ የተገለጸው ለዕይታ የሚቀመጥ እንጂ የሚበር ሞዴል አይደለም። ዕቃው ለገጣፎ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ሰበታ ወይም ሱሉልታ ያለ ሰው መርካቶ ሳይወርድ ሊያሟላው የሚችል ነው።

ስዕሉ

ስዕል ስትፈልጉ «ቢ 17» ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ የሚመጣላችሁ ባለ አራት ሞተሩ የአሜሪካ ቦይንግ ነው። «ሳብ» የሚለውን ቃል ጨምሩበት። ከሳቦቹም መካከል መምረጥ አለ። ለኢትዮጵያ የተሸጠው ዓይነት «ኤ» ነው፤ ሞተሩ በስዊድን የተሠራ 14 ሲሊንደር ያለው ትዊን ዋስፕ፣ ጉልበቱ 1,065 የፈረስ ጉልበት። ዓይነት «ቢ» ባለ 9 ሲሊንደር ሜርኩሪ ሞተር አለው፤ ዓይነት «ሲ» ደግሞ የጣሊያን ፒያጆ። አፍንጫቸው ይለያያል። ስዊድኖች ለበረዶ ስኪ፣ ለባሕር ተንሳፋፊ እግር የገጠሙላቸውም ስላሉ፣ የያዛችሁት ስዕል ጎማ ያለው መሆኑን አረጋግጡ።

ልኩ 1 ለ 20 ይሁን። የእውነተኛው 1 ሜትር በሞዴሉ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ሒሳቡም በቃል ይወጣል። የክንፉ ጠቅላላ ርዝመት 13.7 ሜትር ስለሆነ 68.5 ሴ.ሜ፤ የአካሉ ርዝመት 9.8 ሜትር ስለሆነ 49 ሴ.ሜ ይወጣል። ግማሽ ክንፍ 34.25 ሴ.ሜ በመሆኑ በአንድ ኤ 3 ወረቀት ላይ ይገባል፤ ግራና ቀኙን ለየብቻ አሳትሙ።

ሥራው አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ገና ኮፒ ቤት ነው። ኮምፒውተሩ ስዕሉን ከወረቀቱ ጋር ለማስማማት ብሎ ጥቂት በመቶ ያሳንሰዋል። በ3 በመቶ ቢያንስ ክንፉ 66.4 ሴ.ሜ ሆኖ ይወጣል፤ አካሉ በሌላ ቀን፣ በሌላ ማሽን በሙሉ ልኩ ከታተመ ሁለቱ አይገናኙም። አታሚው በ100 በመቶ እንዲያወጣው ንገሩት፤ ከሱቁ ሳትወጡ በማስመሪያ ለኩ። ሁለተኛ ማረጋገጫም አለ። የክንፉ ስፋት 28.5 ካሬ ሜትር ነው፤ ለ13.7 ሲካፈል የክንፉ አማካይ ወርድ 2.08 ሜትር፣ በእኛ ልክ 10.4 ሴ.ሜ ይሆናል። ከሥሩና ከጫፉ የለካችሁት አማካይ ከዚህ በጣም ከራቀ ስዕሉ ራሱ የተሳሳተ ነው፤ ሌላ ፈልጉ።

ለፎቶ ሲባል ቢሾፍቱ አየር ኃይል አጥር ሥር ካሜራ ማውጣት አያስፈልግም፣ ወታደራዊ ቦታ ነው። ስዊድን ሊንሾፒንግ ያለው የአየር ኃይል ሙዚየም አንድ ሳብ 17 አለው፤ ከየአቅጣጫው የተነሱ ፎቶዎቹ በቀላሉ ይገኛሉ።

ዕቃው

ዋናው ነጩ የዕቃ ማሸጊያ ፎም ነው። ቆራሌ ስለማይገዛው ከኮንዶሚኒየም ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ፣ ከፍሪጅና ከቴሌቪዥን መሸጫ በር ላይ በነፃ ይገኛል። በአውራ ጣት ጫን በሉት፤ ወዲያው ጎድጎድ ብሎ የሚቀረው ለዚህ አይሆንም፣ ፍሬው ደቀቅ ያለውንና የሚገፋችሁን ውሰዱ። ለአካሉ 50 በ 10 በ 8 ሴ.ሜ የሚሆን፣ ለክንፉ 33 በ 17 በ 3 ሴ.ሜ የሆኑ ሁለት፣ ለጭራው 1.5 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው ቁራጭ ይበቃል።

ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመጽሐፍ መጠረዣ ካርቶን ሁለት ሉክ፣ ቀጭን ማኒላ ሦስት ሉክ፣ ተራ የመጻፊያ ወረቀት። ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ነጭ የእንጨት ኮላ ግማሽ ኪሎ፣ በውሃ የሚበጠበጥ የግድግዳ ስቱኮ ግማሽ ኪሎ፣ ትንሽ ነጭ የውሃ ቀለም፣ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 80፣ 180፣ 240 እና 400። ከብየዳ ቤት ባለ 3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ሁለት፣ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር አራት። ከእንጨት ሥራ ቤት የዋንዛ ቁርጥራጭ ለምኑ፤ ለስላሳና ቅርጽ የሚይዝ ነው። ባሕር ዛፍ ግን አትሞክሩ፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

አካሉ

በጎን ስዕሉ ላይ ከአፍንጫ እስከ ጭራ በሞተሩ መሐል የሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ሁሉም ልኬት የሚነሳው ከዚህ መስመር ነው። ከሞተሩ ኮፈን ኋላ ጀምሮ በየ5 ሴ.ሜው የአካሉን ቅርጽ ከስዕሉ እያወጣችሁ በመጠረዣ ካርቶኑ ላይ ቁረጡ፤ 9 ያህል ክፈፎች ይወጣሉ። ወረቀቱና ስቱኮው በኋላ ውፍረት ስለሚጨምሩ እያንዳንዱን ክፈፍ ዙሪያውን 1 ሚሊ ሜትር አሳንሱት። ይህን የዘለለ ሰው መጨረሻ ላይ ኮፈኑ ከአካሉ ያነሰ ሆኖ ያገኘዋል።

በእያንዳንዱ ክፈፍ ላይ መስመሩ የሚያልፍበትን ቦታ በ8 ሚሊ ሜትር ብሱ። ፎሙንም በ5 ሴ.ሜ ውፍረት እየቆረጣችሁ በዚያው ልክ ብሱ። ቀጥ ያለ የቀርከሃ ዘንግ አስገቡና ፎም፣ ክፈፍ፣ ፎም፣ ክፈፍ እያላችሁ በኮላ አያይዙ። ኮላው ስስ ይሁን። ፎም ውሃ ስለማይመጥ ኮላው የሚደርቀው በካርቶኑ በኩል ብቻ ነው፤ በበጋ አንድ ቀን፣ በክረምት ሁለት ቀን ስጡት። ከውጭ የደረቀ መስሎ ከውስጥ ያልደረቀ አካል ሲሞረድ ክፈፎቹ ይንሸራተታሉ።

ከመሞረዳችሁ በፊት የክፈፎቹን ጠርዝ በማርከር አጥቁሩ። 25 ሴ.ሜ በሚሆን ጣውላ ላይ ቁጥር 80 ብርጭቆ ወረቀት ለጥፉና በርዝመቱ አቅጣጫ ሞርዱ። ጥቁሩ መደብዘዝ ሲጀምር እዚያ ቦታ ላይ ቁሙ። ብርጭቆ ወረቀቱን በእጅ ብቻ ይዞ መሞረድ በክፈፎቹ መካከል ያለውን ፎም ያጎደጉደዋል፤ የጎደጎደውም ቀለም ከተቀባ በኋላ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ክንፉ

ክንፉ ከሥሩ ሰፊና ወፍራም፣ ከጫፉ ጠባብና ስስ ስለሆነ በሞረድ ሁለቱን እኩል ማውጣት ያስቸግራል። የሚሻለው በጋለ ሽቦ መቁረጥ ነው። ከተበላሸ የኤሌክትሪክ ስቶቭ ጥምዝ ሽቦውን አውጡ፤ 0.5 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። የእንጀራ ምጣድ ሽቦ ወፍራም ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። ኃይሉ 12 ቮልት የሞተር ሳይክል ባትሪ ነው፤ ከግድግዳ መብራት ጋር በፍጹም አታገናኙት። በዚህ ባትሪ የሚስማማው ርዝመት፣ ጥምዙ ተዘርግቶ ሲለካ፣ 1 ሜትር ያህል ነው። መቁረጫውን 40 ሴ.ሜ በእንጨት ቅስት ላይ ወጥሩት፤ ቀሪው እንደተጠመዘዘ በዚያው መስመር ተያይዞ በሴራሚክ ቁራጭ ላይ ይቀመጥ፣ እሱም ይግላል። ሽቦው ከቀላ በጣም ሞቋል ማለት ነው፤ ፎሙን ከመቁረጥ አልፎ እያቃጠለ ሰፊ ቦይ ይከፍታል። ርዝመቱን ጨምሩለት። ጭሱ ለሳንባ መጥፎ ስለሆነ ሥራው ደጅ ይሁን።

ከጣሳ ቆርቆሮ የክንፉን ሥርና ጫፍ ቅርጽ ቁረጡ። ውፍረቱ ከፊት ስዕሉ ይለካል፤ ከፍተኛው ውፍረት ከፊት ጠርዝ ወደ ኋላ 30 በመቶ ገደማ ላይ ይሁን። ሁለቱንም ቆርቆሮዎች በ10 እኩል ክፍል ከፍላችሁ ቁጥር ጻፉባቸው፣ በፎሙ ሁለት ጫፍ ላይ በምስማር አጣብቁ። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ በሥሩ፣ ሌላው በጫፉ በኩል ሽቦውን ይዘው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» እየተባባሉ እኩል ቁጥር ላይ መድረስ አለባቸው። ጫፉ አጭር ስለሆነ እዚያ ያለው ሰው ቀስ ማለት አለበት። ቁጥሩን ችላ ካሉት ሽቦው በአንድ በኩል ይቀድምና ክንፉ ጠመም ብሎ ይወጣል፤ በስቱኮ የሚቃና ጉድለት አይደለም፣ አዲስ ፎም ይጠይቃል። ለቀኝና ለግራ ቆርቆሮውን ገልብጡ፤ ሁለት ቀኝ ክንፍ ይዞ መቅረት እንደሚመስለው ብርቅ አይደለም።

ፎም ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሲሳሳ ይፈረፈራል። ስለዚህ የኋላውን ጠርዝ 1.5 ሴ.ሜ ቁረጡና በምትኩ ማኒላ በስንጥቅ አስገቡበት።

ለማጋጠሚያ የ3.2ቱን ኤሌክትሮድ ሽፋን በመዶሻ አራግፉ፤ ቁርጥራጩ ስለሚፈናጠር መነጽር አድርጉ። ዘንጉ 35 ሴ.ሜ ነው። መሐሉን በሞርሳ ይዛችሁ ክንፉ ወደ ላይ በሚቀናበት ልክ እጠፉት። የሚቀናውን ዲግሪ ከፊት ስዕሉ ውሰዱ፤ ከአካሉ ውጭ ያለው ግማሽ ክንፍ 31 ሴ.ሜ ያህል ስለሆነ እያንዳንዱ ዲግሪ ጫፉን 5.4 ሚሊ ሜትር ያነሳዋል። ክንፉን ለጊዜው ያለ ኮላ ግጠሙና ሦስት ነገር ለኩ፦ የሁለቱ ጫፎች ከጠረጴዛው ከፍታ፣ ከየጫፉ እስከ ጭራው መጨረሻ ያለው ርቀት፣ እንዲሁም ከፊት ሲታይ አግድም ጭራው ከክንፉ ጋር መስተካከሉ። ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ ዘንጉን አቃኑ እንጂ በኮላ አታባብሉት።

ቆዳው

ሱፐር ግሉ፣ ቲነርና ስፕሬይ ቀለም ፎምን ያቀልጣሉ። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በሙሉ ፎሙን ከነዚህ መከለል ነው። 2 እጅ ኮላ በ1 እጅ ውሃ በጥብጡ። ወረቀቱን በመቀስ ሳይሆን በእጅ 3 ሴ.ሜ ወርድ ባለው ጥብጣብ ቅደዱ፤ የተቀደደ ጠርዝ ስስ ስለሆነ መጋጠሚያው አይታይም። አንዱን ድርብ በርዝመት፣ ሁለተኛውን በአግድም ለጥፉ።

የክንፉን ላይና ታች በአንድ ቀን ጨርሱ። ኮላው ሲደርቅ ወረቀቱን ይስበዋል፤ ላዩ ዛሬ፣ ታቹ ነገ ከተለጠፈ ክንፉ እንደ ቀስት ይጎብጣል። ፀሐይ ላይ ማስጣትም ያው ነው፣ ፀሐይ ያየው ወገን ቀድሞ ይሳባል። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኝበት፣ በአካሉ ተንጠልጥሎ ይድረቅ። በሐምሌና በነሐሴ ሦስት ቀን ቢወስድ አትገረሙ። ቀጥሎ ስቱኮውን በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ በ180፣ በ240፣ በ400 ሞርዱ። ወረቀቱ ብቅ ካለ አቁሙና እዚያ ቦታ ብቻ ኮላ ቀቡበት።

የእግር ሽፋኖቹ

የሳብ 17 እግር ወደ ኋላ ታጥፎ በክንፉ ሥር ባለው ሽፋን ውስጥ ይገባል። የእግሩ ትልልቅ ክዳኖች ሲወርዱ አውሮፕላኑ ወደ መሬት ተወርውሮ በሚደበድብበት ጊዜ ፍሬንም ይሆኑ ነበር። በሞዴሉ ላይ ሽፋኖቹን ከዋንዛ ቅረጹ፤ ፎም ክብደቱን አይችልም። ሁለቱን ከአንድ ጣውላ አጣብቃችሁ አብራችሁ ጥረቡ፣ ከዚያ ለዩዋቸው። ለየብቻ የተጠረቡ ሽፋኖች እኩል ሲወጡ አይታይም።

እግሩ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ነው። በዋንዛው ውስጥ ቢያንስ 2 ሴ.ሜ ይግባ። ዋንዛው ራሱ ደግሞ ከክንፉ ዘንግ ጋር በቀጭን ሽቦ ይታሰር፤ በፎሙ ላይ ብቻ የተለጠፈ እግር አንድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ጠንከር ብሎ ሲቀመጥ ተነቅሎ ይወጣል። ክዳኖቹን ከማኒላ ሁለት ድርብ ሠርታችሁ፣ በጠርሙስ ላይ ጠቅልላችሁ አድርቁ፤ የተጠማዘዘ ቅርጻቸውን ይይዛሉ።

ሞተርና ኮፈን

የትዊን ዋስፕ ዲያሜትር 1.22 ሜትር ነው፤ በእኛ ልክ 6.1 ሴ.ሜ። የሃይላንድ ክዳን 3 ሴ.ሜ ያህል ስለሆነ መሐሉ እሱ ይሁን፣ በዙሪያው 1.55 ሴ.ሜ ርዝመት ያላቸው ሲሊንደሮች ይተከላሉ። የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት 14 ሴ.ሜ ነበር፤ በእኛ 7 ሚሊ ሜትር። 7 ሚሊ ሜትር የቀርከሃ በትር ላይ ወፍራም የስፌት ክር ጥብቅ አድርጋችሁ ስትጠመጥሙ የማቀዝቀዣ ሽንሽኖቹን መስሎ ይወጣል፣ ወደ 9 ሚሊ ሜትርም ይደርሳል። ፊት 7፣ ኋላ 7። በመካከላቸው ያለው ማዕዘን 51.4 ዲግሪ ነው፤ የኋለኛው ረድፍ በፊተኞቹ ክፍተት መሐል እንዲታይ በግማሽ ይዙር።

ኮፈኑን ባለ 63 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ ላይ ማኒላ ጠቅልላችሁ ሥሩት። ኮላው ቱቦውን እንዳይዝ መጀመሪያ ፌስታል ልበሱት። የውጭ ልኩ 6.6 ሴ.ሜ እስኪደርስ ደርቡ። የፊቱ ከንፈር ድቡልቡል ስለሆነ በጠርዙ ላይ ወፍራም ሲባጎ በኮላ ለጥፉና በስቱኮ ሙሉት።

ፕሮፔለሩ ሦስት ምላጭ ነው፣ በ120 ዲግሪ። ከጣሳ ቆርቆሮ ሁለት ድርብ ይበቃዋል። ጥምዘዛው ላይ ተጠንቀቁ፤ ሞተሩ አብራሪው ከተቀመጠበት ሲታይ እንደ ሰዓት ይዞራል። ስለዚህ በአብራሪው ቦታ ሆናችሁ ስታዩ ወደ ላይ የቆመው ምላጭ ቀኝ ጠርዙ ወደ ፊት ያዘነብላል። በተቃራኒው የተጠመዘዘ ፕሮፔለር አውሮፕላን የሚያውቅ ሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት ስሕተት ነው።

መስታወቱ

ረጅሙ መስታወት አብራሪውንና ከኋላው የሚቀመጠውን ሁለተኛ ሰው ይሸፍናል። ቅርጹን ከዋንዛ 1 ሚሊ ሜትር አሳንሳችሁ ቅረጹ፣ በ400 አለስልሱ። ሸንተረር የሌለው የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጣችሁ እንጨቱን አስገቡ፣ በስሩ ተጨማሪ እንጨት ሸጉጣችሁ አጥብቁት። ከዚያ አሙቁት፤ ፕላስቲኩ ተኮማትሮ እንጨቱን ይለብሳል። አዲስ አበባ ዙሪያ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ የፈላ ውሃ ማኮማተሩን ይጀምረዋል እንጂ ጥግ ጥጉን አይዝለትም፤ የሞቀ አየር የሚነፋ መሣሪያ ይሻላል። ከሌለ ከከሰል ፍም በላይ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ሳታቋርጡ አዙሩት። አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ይነጣል፣ የነጣው አይመለስም። ሁለት ሦስት ጠርሙስ አዘጋጁ።

መስታወቱ ከመለጠፉ በፊት ውስጡን በጥቁር ግራጫ ቀቡ፣ ሁለት መቀመጫ ከማኒላ አስገቡ። የሚለጠፈው በነጭ ኮላ ነው፤ ሱፐር ግሉ ጭስ ያወጣና ፕላስቲኩን ያደበዝዘዋል። ፍሬሞቹን ቀለም በተቀባ ቀጭን ፕላስተር ሥሩ።

ቀለም

መጀመሪያ ሁለት እጅ ነጭ የውሃ ቀለም። ይህ የመጨረሻው ከለላ ነው፤ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት እንኳ ብትቀር ስፕሬዩ በዚያ ገብቶ ፎሙን ከውስጥ ይበላዋል፣ ላዩ ደግሞ ይሰረጉዳል። አምፖል በጎን አስጠግታችሁ ፈትሹት።

ከሰዓት በኋላ በዳር ሠፈሮች ነፋሱ የኮረኮንቹን አቧራ ያነሳል፤ ማለዳ ደግሞ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ብርዱ ቀለሙን ያንጠባጥበዋል። ጠዋት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመረጣል። የስፕሬይ ቆርቆሮውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ አቆዩት፤ እሳት አታስጠጉት። ከ25 ሴ.ሜ ርቀት ስስ ስስ አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ ንፉ።

በስዊድን አየር ኃይል ላዩ የወይራ አረንጓዴ፣ ሆዱ ፈዛዛ ሰማያዊ ግራጫ ነበር። የኢትዮጵያውን ለመሥራት አንድ የዘመኑን ፎቶ ምረጡና ከዚያ አትውጡ፤ ከሦስት ፎቶ የተለቃቀመ ምልክት የትኛውንም አውሮፕላን አይሆንም። አንዳንዱ አሮጌ ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀይን ጥቁር አስመስሎ ስለሚያወጣ የምልክቱን ቀለበቶች ቀለም በጥቁረታቸው ብቻ አትፍረዱ። ምልክቱን ስቲከር የሚቆርጥ ማስታወቂያ ቤት ቢቆርጥላችሁ፣ የሚለጠፈውን ሳይሆን ምልክቱ ተቆርጦ የወጣበትን ክፍቱን ተጠቅማችሁ ቀለም ንፉበት፤ የተለጠፈ ስቲከር ጠርዙ ወፍራም ነው። የቆርቆሮ መጋጠሚያዎቹን በቀጭን እርሳስ ማስመር ይበቃል። ሪቬት አትሞክሩ፦ 5 ሚሊ ሜትር የነበረ ራስ በዚህ ልክ ሩብ ሚሊ ሜትር ነው፣ የሚታይ ካደረጋችሁት ከልኩ አልፏል።

የራዲዮ አንቴናው የመጨረሻው ሥራ ነው። ከሹሩባ መሥሪያ ሰው ሠራሽ ፀጉር አንድ ዘለላ ውሰዱ፣ አንዱን ጫፍ በነጭ ኮላ አጣብቁና ሲደርቅ ሌላውን ወጥራችሁ ያዙ። ሞዴሉ በታክሲ የሚጓዝ ከሆነ ግን አንቴናውን ከደረሳችሁ በኋላ ሥሩት፤ ፕሮፔለሩንም ሳትለጥፉ በምስማር ብቻ ሰክታችሁ ተዉት፣ ለየብቻ ተጠቅልሎ እንዲሄድ።